አንዲት ፊደልና የወንድማችን ደም

በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ስለ ኒውክሊክ አሲድ እንድንናገር ነው የተጠየቅነው። ስሙን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ይሄ የባግሩት ትምህርት አይደል እንዴ፣ እኛን ምን አገባን» ሳትሉ አልቀራችሁም። እውነታችሁን ነው። እኛም ለባግሩት ስናጠናው ከፈተና ውጭ የትም የማያገለግል ነገር ይመስለን ነበር። ሸመደድነው፣ ተፈተንን፣ ረሳነው። መልሰን እንድናስታውሰው ያደረገን መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት የደም ምርመራ ወረቀት ናት። ስለዚህ ከወረቀቷ እንጀምራለን።

ከአራት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድማችን የጸባ ጥሪው ደርሶት ለምርመራ ደም ሰጠ። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ኳስ ይጫወታል፣ ጉንፋን እንኳ የሚይዘው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ግን አንዱ መስመር ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ኒውትሮፊል 1,100 ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ ትክክለኛው ከ1,500 በላይ እንደሆነ ተጽፏል። ኒውትሮፊል ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ነው፤ ባክቴሪያ ወደ ሰውነት ሲገባ ቀድሞ ደርሶ የሚዋጋው እሱ ነው። ሐኪሙ «ይደገም» አለ። ተደገመ፣ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ተደገመ፣ አሁንም ያው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያም የአጥንት መቅኒ ምርመራ ሳያስፈልግ አይቀርም ሲባል ሰማን።

እናታችን ዕብራይስጥ ትሰማለች፤ የሐኪም ዕብራይስጥ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ እንደ ልማዳችን አስተርጓሚዎቹ እኛ ታላላቆቹ ነበርን። እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣቶች ይህን ሥራ በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በባንክ፣ በትምህርት ቤት፣ በኩፓት ሆሊም ያለ ደመወዝ የምንሠራው ሥራ ነው። ያን ቀን ግን ተሳሳትን። ሐኪሙ ያለው «ነጩ ሕዋስ ዝቅ ብሏል» ነበር። እኛ ቸኩለን «ነጭ ደሙ አልቋል ይላል» አልናት። አነሰ ማለት ሲገባን አለቀ አልን። እናታችን ከዚያ ሁሉ የሰማችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ደሙ፣ አልቋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናቶች ሳንነግራችሁ ታውቁታላችሁ። እህል በአፏ አልዞር አለ። ዘመድ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ይዞ መጣ። የወንድማችን ቁርሱም እራቱም አንድ ወር ሙሉ ቀይ ሥርና ጉበት ሆነ። ቀይ ሥር ለኒውትሮፊል ምንም አያደርግም፤ ግን ማን ይንገራት? ልጁም ቀስ በቀስ ዝም አለ። አንድ ሌሊት ስልኩ ላይ ስለ ደም ካንሰር ሲያነብ አገኘነው። ምንም አላለንም፤ እኛም ምንም አላልነውም።

በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ የደም ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ወረቀቱን አዩና መጀመሪያ የጠየቁት «ወላጆቻችሁ ከየት አገር ናቸው?» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ተቆጣን። «ደግሞ ጀመሩ» ተባባልን በአማርኛ። ሴትዮዋ ግን ተራ የደም ዓይነት ምርመራ አዘዙ፤ ዳፊ የሚባል። ውጤቱ ሲመጣ ፈገግ ብለው «ልጁ ጤነኛ ነው፤ አንዲት ፊደል ናት» አሉን። የመቅኒው ምርመራ ቀረ። እኛ ደስታችን ሳያልቅ ጥያቄ ያዘን። ፊደል? የምን ፊደል? ቤት ገብተን የባግሩቱን ደብተር ከሣጥን አወጣን።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ፤ ታገሱን።

እ.ኤ.አ. በ1869 ቱቢንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ፍሪድሪክ ሚሸር የሚባል ወጣት የስዊስ ሐኪም ነበር። የሚሠራበት ላቦራቶሪ ቀድሞ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት የነበረ ክፍል ነው። ይህ ሰው በአቅራቢያው ካለ ሆስፒታል መግል የነካው የቁስል ፋሻ እየሰበሰበ ያጥብ ነበር። መግል ለምን? መግል ማለት አብዛኛው ለውጊያ ወጥቶ የሞተ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሆነ ነው። ይኸው ራሱ ኒውትሮፊል! ከሕዋሱ ማዕከል፣ ከኒውክሊየሱ፣ ፎስፎረስ የበዛበት እንግዳ ነገር አወጣና ኒውክሊን አለው። ዛሬ ዲ ኤን ኤ የምንለው እሱን ነው። እናታችንን ያስለቀሰው ሕዋስ ዲ ኤን ኤ መጀመሪያ የተገኘበት ሕዋስ መሆኑን ስናውቅ ደብተሩን ዘግተን ተያየን።

ኒውክሊክ አሲድ ረጅም ክር ነው። ክሩ የተሠራበት እያንዳንዱ ቁራጭ ኑክሊዮታይድ ይባላል። አንዱ ኑክሊዮታይድ ከሦስት ነገር የተገጣጠመ ነው። አንዱ ስኳር ነው፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ሳይሆን አምስት ካርቦን ያለው ስኳር። ሌላው ፎስፌት ነው፤ አጥንታችንን ያጠነከረው ዓይነት። ሦስተኛው ቤዝ ይባላል፤ እኛ ዛሬ ፊደል የምንለው ይሄን ነው። የአንዱ ፎስፌት የቀጣዩን ስኳር ይይዛል፣ የሱ ፎስፌት ደግሞ የሚቀጥለውን፤ እንዲህ እየተያያዘ ክሩ ይረዝማል። ስኳርና ፎስፌት በክሩ ሙሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነት የለም። የሚለያየው ቤዙ ብቻ ነው። እሱም አራት ነው፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን። የኛ ፊደል ከነእርባታው ከሁለት መቶ በላይ ነው፤ የሰው፣ የጤፍና የወባ ተውሳክ ዘር ግን የተጻፈው በአራት ፊደል ነው።

ዲ ኤን ኤ ደግሞ አንድ ክር አይደለም፤ እንደ ገመድ ሁለቱ ተገምደው ነው ያሉት። አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ይሄዳል፤ ፊደሎቹ ወደ ውስጥ ዞረው ይያያዛሉ። አያያዛቸው ግን ዝም ብሎ አይደለም። አዴኒን ሁልጊዜ ታይሚንን፣ ጉዋኒን ሁልጊዜ ሳይቶሲንን ነው የሚይዘው። አዴኒንና ታይሚን በሁለት፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጅን ማሰሪያ ይተሳሰራሉ። እነዚህ ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ደካማ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ገመዱን ያጸናሉ። ደካማ መሆናቸው ደግሞ ጉድለት አይደለም። ሕዋሱ ሊገለብጠው ሲፈልግ ገመዱ እንደ ዚፕ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ክር ለአዲሱ ጓደኛው ልክ ይሆናል። አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን ታውቃላችሁና።

ኤርቪን ቻርጋፍ የሚባል ሳይንቲስት አዴኒንና ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን መጠናቸው እኩል መሆኑን ካሳየ በኋላም ቅርጹን ለማወቅ ዓመታት ወስዷል። እዚህ ላይ አንዲት ሴት ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ለንደን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ሳይንቲስት ነበረች። በ1952 ከተማሪዋ ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር በኤክስሬይ የተነሣው ፎቶ የገመዱን ጥምዝ በግልጽ አሳየ። ፎቶው እሷ ሳታውቅ ለጄምስ ዋትሰን ታየ፤ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 የዲ ኤን ኤን ቅርጽ ይፋ አደረጉ። ፍራንክሊን በ1958 በ37 ዓመቷ ሞተች። የኖቤል ሽልማቱ በ1962 ለሁለቱና ለሞሪስ ዊልኪንስ ተሰጠ። ይህን ክፍል ስናነብ ወንድማችን ነበር በጣም የተናደደው።

አር ኤን ኤ የሚባለው ሁለተኛው ኒውክሊክ አሲድ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ስኳሩ አንድ ኦክስጅን ይበልጣል፣ በታይሚን ፋንታ ዩራሲል የሚባል ፊደል አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ነጠላ ክር ነው። ያቺ አንድ ኦክስጅን ግን ሥራዋ ብዙ ነው። አር ኤን ኤን በቀላሉ የሚፈርስ ታደርገዋለች። ዲ ኤን ኤ ኦክስጅኗ ስለሌለችው ይቆያል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ካለፉት አጥንት ውስጥ እንኳ ይገኛል። ስለዚህ ሕዋሱ ዋናውን መጽሐፍ በዲ ኤን ኤ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ለዕለቱ ሥራ የሚያስፈልገውን ገጽ ደግሞ በአር ኤን ኤ ገልብጦ ይልካል፣ ሲጨርስ ይጥለዋል። የተገለበጠው ገጽ ሪቦዞም የሚባል ዘንድ ይደርሳል፤ እዚያ ሦስት ሦስት ፊደል እየተነበበ ፕሮቲን ይሠራል። ሳይንቲስቶች ይህን ሥራ ትርጉም ይሉታል። ስሙን ስናይ ሳቅን፤ ሕዋስም አስተርጓሚ አለው ማለት ነው፣ እሱ ግን እንደኛ አይቸኩልም። የሪቦዞምን ቅርጽ ካወቁት አንዷ የኛው አገር ሴት ናት፤ ኢየሩሳሌም ከድሃ ቤተሰብ የተወለደችው አዳ ዮናት። በዋይዝማን ኢንስቲትዩት ለሠራችው ሥራ በ2009 ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘች። የሪቦዞሙ ዋና ሠራተኛ ራሱ አር ኤን ኤ ነው፤ ፕሮቲኑ አጋዥ ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ ኑክሊዮታይድ ፊደል ብቻ አይደለም። ሰውነታችን ጉልበት የሚያመላልስበት ኤ ቲ ፒ የሚባለው ነገር ያው አዴኒን፣ ስኳርና ሦስት ፎስፌት ነው። አሁን እናንተ እጃችሁን ስታነሡ ኑክሊዮታይድ እየከፈላችሁ ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን ፊደል እንመለስ። የሰው መጽሐፍ ወደ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ነው፤ ከእናት አንድ ቅጂ፣ ከአባት አንድ ቅጂ፣ በጠቅላላው ስድስት ቢሊዮን። ከአንድ ሕዋስ ወጥቶ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህላል። ይህን ሁሉ ሲገለብጥ ስሕተት አለመኖሩ አይቻልም። ቄሶቻችን ኦሪትን በብራና ላይ በእጅ ሲገለብጡ ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። መጣ እና ወጣ በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፤ ሰውየው ግን አንዱ ቤት ውስጥ ነው፣ ሌላው ደጅ ነው።

በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዳፊ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ስሙ በ1950 በደሙ በኩል የተገኘበት በሽተኛ ስም ነው። በ1995 ፈረንሳይ አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንዳንድ ሰዎች ቀይ ሕዋሳቸው ላይ ይህ ፕሮቲን ለምን እንደሌለ አገኙ። ምክንያቱ አንዲት ፊደል ናት፤ ታይሚን በነበረበት ሳይቶሲን ገባ። ጓደኛውም አብሮ ይለወጣል፤ ከማዶ አዴኒን የነበረው ጉዋኒን ይሆናል። የሚገርመው ፊደሏ ያለችው ፕሮቲኑ በተጻፈበት ቦታ ላይ አይደለም። ፕሮቲኑ ከነሙሉ ቃሉ አለ። የተለወጠችው ከፊቱ ያለች፣ «እዚህ ሕዋስ ውስጥ አብራው» የምትል ምልክት ናት። የቀይ ደም ሕዋስ በመቅኒ ውስጥ ሲሠራ ጋታ-1 የሚባል ፕሮቲን መጥቶ ምልክቷን ይዞ ዳፊን ያበራል። ፊደሏ ስትለወጥ ጋታ-1 መያዣ ያጣል፤ መብራቱ አይበራም። በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ግን የሚያበራው ሌላ ስለሆነ ዳፊ እንደ ወትሮው ይሠራል። የዳቦው አሠራር በየቤቱ ተጽፎ ሳለ አንዱ ቤት ብቻ «አርብ አርብ ይጋገር» የሚለው እንደጠፋበት ቁጠሩት።

ታዲያ ቀይ ሕዋስ ከነጩ ምን አገናኘው? በ2008 የታተመ ጥናት ይህቺ ፊደል ከኒውትሮፊል ቁጥር ጋር እንደምትሄድ አሳየ። ሁለቱም ቅጂው ላይ ፊደሏ ያለችው ሰው፣ መቅኒው ውስጥ የሚሠሩት ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው ትንሽ ይለያል፤ ከደም ወጥተው ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ፈጥነው ይገባሉ። የደም ምርመራ የሚቆጥረው ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ቤታችን ሰው መኖሩን ለማወቅ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን እንደመቁጠር ነው። ወታደሩ አልጠፋም፣ አልቆ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በዚህ ምክንያት ከሌላው ይበልጥ አይታመሙም። 1,500 የሚለው ቁጥር የመጣው በአብዛኛው ፊደሏ የሌለችባቸው ሰዎች ተለክተው ነው።

ፊደሏ ለምን በዛች? በወባ ምክንያት። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ቀይ ሕዋስ ውስጥ ለመግባት ዳፊን እንደ በር ይጠቀማል። በር የሌለው ቤት አይገባም። ስለዚህ ወባ ባለበት አገር ፊደሏን የያዙ ሰዎች ተርፈው ዘር ተኩ። በቅርብ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥም ዳፊ የሌላቸውን ሰዎች የሚይዝ ቫይቫክስ ተገኝቷል፤ ጥበቃው ትልቅ ቢሆንም ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው ወባ ደግሞ በዚህ በር አይገባም፤ ፊደሏም አታቆመውም። ይህን ስናነብ አባታችን ዝም ብሎ ቆየና ስለ ሱዳን ጠየቀን። ወገኖቻችን በመንገድና በመጠለያ በሺዎች ሲሞቱ ወባም ከገዳዮቹ አንዱ ነበር። አባታችን እዚያ ታናሽ እህቱን ቀብሯል። «እና እሷ ፊደሏ አልነበራትም?» አለን። ቢኖራትም የሚገድለው ወባ ሌላው እንደሆነ ነገርነው። ከዚህ በላይ የምንለው አልነበረንም።

እናታችን ጥያቄዋ ሌላ ነበር። «ከእኔ ነው ከአባታችሁ?» ከሁለታችሁም አልናት። ቁጥሩ የሚያንሰው ከእናትም ከአባትም ፊደሏ ስትደርስ ነው። ከእኛ ከታላላቆቹ የአንዳችን ቁጥር ከ3,000 በላይ ነው፤ ከአንድ እናትና አባት ተወልደን። እሷም «እንግዲያው አንዱን ለብቻው መውቀስ አይቻልም» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከሽማግሌዎች አንዱ ሰባት ትውልድ መቁጠራችን ይህን አይከለክልም ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። ሰባት ቤት መቁጠር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተደበቀ ክፉ ፊደል ከራሱ ጋር እንዳይገናኝ ይረዳል፤ አባቶቻችን ኑክሊዮታይድ ሳያውቁ የሠሩት ትልቅ ሥራ ነው። ይህቺ ፊደል ግን በሩቅ ሰዎችም ዘንድ የተለመደች ናት፤ ቢቆጠርም ትገናኛለች፣ ብትገናኝም አትጎዳም።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። ይህቺ ፊደል የቆዳ ቀለም አይደለችም፤ ማን የማን ወገን እንደሆነም አትናገርም። ከየመን በመጡ አይሁዶችና በቤዱዊኖች ዘንድም ትገኛለች። ከኛም ውስጥ የሌላቸው ብዙ ናቸው። የጎረቤታችን የየመናዊቷ ሴትዮ ልጅ ወረቀት ከወንድማችን ወረቀት ጋር አንድ ነው። ዲ ኤን ኤ አይቶ «አንተ ማን ነህ» ሊላችሁ የሚነሣ ሰው ካለ፣ ስለ ወባ ጠይቁት፤ የሚያውቀው ስለሱ ነው።

ለቤታችሁ የሚጠቅመውን እንንገራችሁ። የልጃችሁ ኒውትሮፊል አነሰ ከተባለ የድሮ ወረቀቶችን ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከልጅነት ጀምሮ ዝቅ ብሎ የቆየ ቁጥርና ትናንት የወደቀ ቁጥር አንድ አይደሉም። «ዳፊ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ቁጥሩን የሚያሳንስ ሌላ በሽታም፣ ሌላ መድኃኒትም አለ፤ ስለዚህ «ያው ፊደሏ ናት» ብላችሁ ራሳችሁ እንዳትወስኑ። ትኩሳት ከመጣ ፊደል ኖረም አልኖረም ወደ ሐኪም ነው። ለካንሰር ወይም ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ነጭ ሕዋስ ሲያንስ ይቆማሉ ወይም ይዘገያሉ፤ ቁጥሩ ድሮም እንዲህ እንደነበረ ሐኪሙ ካላወቀ ሰው የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ላለው ነገር ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ አታስተርጉሙ። አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ በአካል ወይም በስልክ እንዳለ ጠይቁ። እኛ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶን አንዲት ቃል ስተን አንድ ወር እናታችንን አስለቀስናት።

ወንድማችን ጸባውን ጨርሶ ተመልሷል፤ ዛሬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ስለሱ እንድናወራም ፈቅዶልናል። ባለፈው ወር ተመርምሮ ነበር፤ 1,150 ነው። ቀይ ሥር ግን እስከ ዛሬ በአፉ አያስገባም።